«ኮንታክት ነው» ከማለታችን በፊት፦ የእሳት ጉዳት ምርመራ ቃላት ሲፈቱ

ፒያሳ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ለዓመታት በያይነቱ የበላሁባት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። ባለፈው ክረምት ማድ ቤቷና ጓዳዋ ተቃጠሉ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ባለቤቷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ የቃጠሎውን ምርመራ የያዘ አራት ገጽ ወረቀት ይዘው መጡ። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። አንዱ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ንገረኝ። ‹መንስኤው አልተረጋገጠም› ይላል። እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

አይደለም። ግን ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ከአቦል እስከ በረካ ፈጀብን። ሰው ቤቱ ተቃጥሎ ሳለ የራሱን ቤት ወረቀት ለማንበብ አስተርጓሚ መፈለጉ፣ በእኔ በኩል፣ ከእሳቱ ቀጥሎ የሚያናድድ ነገር ነው። ያን ቀን ያወራነው ይኸው።

ለመሆኑ የመጡት ሰዎች እነማን ናቸው?

እትዬ ሁሉንም «መርማሪዎቹ» ነው የሚሏቸው። ሰዎቹ ግን አንድ አይደሉም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች (939 ስንደውል የሚመጡት) ዋና ሥራቸው ማጥፋትና ሰው ማዳን ነው። ፖሊስ ወንጀል አለ ወይ ብሎ ይመረምራል። የመድን ድርጅቱ ገማች የጉዳቱን ልክና ውሉ የሚሸፍነውን ያያል። መሐንዲስ ከመጣ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ቤቱ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? አንዱ ያልመለሰውን ጥያቄ ከሌላው ወረቀት ላይ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ወረቀት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የማን እንደሆነ እዩ።

መነሻና መንስኤ አንድ አይደሉም እንዴ?

በሰፈር ወሬ አንድ ናቸው። በዜናም ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ለመርማሪ ግን ሁለት ጥያቄ ናቸው።

መነሻ ቦታ ነው፤ እሳቱ የት ጀመረ? መንስኤ ምክንያት ነው፤ ለምን ጀመረ? መጀመሪያ የሚፈለገው መነሻው ነው። ቦታው ከተሳሳተ ምክንያቱም ይሳሳታል። ከጓዳ የተነሳን እሳት ከማድ ቤት ነው ካሉ፣ ምንም ያላደረገ ምድጃ ጥፋተኛ ይሆናል።

መንስኤ የሚለው ቃል ራሱ በውስጡ ሦስት ነገር ይዟል። የለኮሰው ምንድን ነው? መጀመሪያ የተያያዘው ምንድን ነው? ሁለቱን ምን አገናኛቸው? መብራት ጠፍቶ መስኮት ሥር ሻማ አበራችሁ እንበል። ሻማው ለኳሽ ነው። መጋረጃው መጀመሪያ የተያያዘው ነው። ያገናኛቸው ደግሞ በተከፈተው መስኮት የገባው ንፋስ ነው። «ሻማ ነው ያቃጠለው» የሚል ሰው አልዋሸም፤ ከታሪኩ ግን አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው የነገረን።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ፣ እሳቱ ገና ሳይጠፋ ሁላችንም እርስ በርስ የምንጠያየቀው «ምንድን ነው ያስነሳው?» ብለን ነበር። ለእንደዚያ ዓይነት ቃጠሎ መልሱ በአንድ ሌሊት አይገኝም። መርማሪ ፍርስራሹ እስኪበርድ ጠብቆ፣ በትንሹ ከተጎዳው ቦታ ተነስቶ ወደ ባሰበት እየሄደ፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሚያነበው።

«አልተረጋገጠም» ማለት ተጠርጣሪ ነህ ማለት ነው?

በብዙ አገር የሚሠራበት አከፋፈል አራት ነው። ድንገተኛ፤ ማንም ሆን ብሎ ያላደረገው። የተፈጥሮ፤ ለምሳሌ መብረቅ። ሆን ተብሎ የተለኮሰ። አራተኛው ያልተረጋገጠ።

ይህ አራተኛው ክስ አይደለም። «ሁለት ሦስት ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ አንዱን ለመምረጥ ግን በቂ ማስረጃ የለኝም» ማለት ነው። ታማኝ መርማሪ ይህን ቃል ለመጻፍ አያፍርም። እንዲያውም ማስረጃ ሳይኖረው «ኮንታክት» ብሎ ሞልቶ የሚሄደውን ነው መፍራት።

የእትዬ ቤት ምርመራ ለምን ሳይረጋገጥ ቀረ? ጠይቄ ደረስኩበት። በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች በቅንነት ተሰብስበው ማድ ቤቱን ጠረጉት። የቀለጠውን ማከፋፈያ፣ የተቃጠለውን ሽቦ፣ የከሰለውን መደርደሪያ፣ ሁሉንም አውጥተው ገንዳ ውስጥ ጣሉት። ገማቹ በአራተኛው ቀን ሲደርስ የጸዳ ክፍል ነው የጠበቀው። በወረቀቱ ላይ «ስፍራው ተነካክቷል» የምትለዋ መስመር ይህችው ናት። ትርጉሟ ማስረጃ ከቦታው ተነስቷል ነው። ማን አነሳው፣ ለምን አነሳው የሚለውን አትናገርም።

ታዲያ «ኮንታክት» ምንድን ነው?

እኛ ኮንታክት የምንለው መገናኘት የሌለባቸው ሁለት ገመዶች ሲነካኩ የሚፈጠረውን ነው። ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ ወይም በምጣዱ ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይሮጣል። ብልጭታ ይወጣል፣ መዳቡ በተነካካበት ቦታ ይቀልጣል። ሲበርድ ጫፉ ላይ ክብ ነገር ይቀራል፤ ትንሽ ዶቃ ይመስላል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ያቺ ዶቃ ኮንታክት መኖሩን ታሳያለች እንጂ እሳቱን ኮንታክት እንዳስነሳው አታሳይም። ለምን? እሳት በሌላ ምክንያት ተነስቶ የገመዱን ፕላስቲክ ልባስ ሲያቀልጠው፣ መብራት ካልተቋረጠ፣ ገመዶቹ ያኔም ይነካካሉ። ያኔም ዶቃ ይሠራሉ። እሳቱ ኮንታክት ወለደ እንጂ ኮንታክት እሳት አልወለደም። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ለመለየት መርማሪው ዶቃዋን ብቻ አያይም፤ ዶቃዋ ከመነሻው ቦታ ላይ መገኘቷንና አጠገቧ ሊያያዝ የሚችል ነገር መኖሩን አብሮ ያያል። ለዚህ ነው «በሽቦው ላይ የቅልጠት ምልክት ታይቷል» የሚል ወረቀት «መንስኤው ኮንታክት ነው» ማለት የማይሆነው።

ሌላም አለ። ከኤሌክትሪክ የሚነሳ እሳት ሁሉ ኮንታክት አይደለም። ሁለት ሌሎች ቃላት ወረቀት ላይ ይገባሉ።

አንደኛው ከአቅም በላይ ጭነት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ይህ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ለ10 አምፔር በተሠራ ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ምጣዱን ሰክታችሁ፣ ጎኑ ላይ ፍሪጅ ብትጨምሩ፣ ገመዱ ይግላል። የሚግለውም በእጥፍ ብቻ አይደለም፤ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ብሬከሩ ወይም ባልቦላው የተሠራው ይህን ሊያቆም ነበር። ግን በድሮ ቤቶቻችን ባልቦላ ሲቃጠል ወፈር ያለ ሽቦ ጠቅልሎ መመለስ የለመድነው ነገር ነው። ያ ሽቦ አይቃጠልም። በሱ ፈንታ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ነው።

ሁለተኛው የላላ ግንኙነት ነው። ሶኬት ውስጥ ያለ ብሎን ሲላላ፣ ያቺ ነጥብ ብቻዋን ትግላለች። ብሬከር ይህን አያውቅም፣ የሚያልፈው መጠን አልጨመረማ። ሶኬታችሁ ቡናማ ከሆነ፣ ወይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ወይ ሰኪው ስትነቅሉት ከፋጀ፣ ነገሩ እሱ ነው። እትዬ «ከፋሲካ ጀምሮ ይሸተኝ ነበር» አሉ። ማንም ስላልጠየቃቸው ለገማቹ አልነገሩትም። ንገሩ። የቤቱ ሰው የሸተተው፣ የሰማው፣ የመጀመሪያውን ጭስ ያየበት ቦታ ሁሉ ማስረጃ ነው።

ግድግዳው ላይ ምን ያነባሉ?

የገጠር ማድ ቤት ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ የማያውቅ የለም። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይበርዳል፣ ያገኘው ነገር ላይ ጥላሸቱን ይለጥፋል። መርማሪ የሚያነበው ይህንኑ ጽሕፈት ነው።

«የቪ ቅርጽ» የሚል ካያችሁ፣ ሀ ፊደልን አስቡ፤ ታቹ ብቻ ሾል ይበል። እሳት ከአንድ ቦታ ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ እየሰፋ ስለሚሄድ ግድግዳው ላይ ይህን ቅርጽ ይጥላል። የሾለው ጫፍ ወደ አንድ የሚነድ ነገር ያመለክታል። ያ ነገር ግን የግድ መነሻው አይደለም፤ ከኮርኒስ ነዶ የወደቀ ማዳበሪያ ወይም ቺፑድም መሬት ላይ የራሱን ሀ ይጽፋል።

«ንጹሕ ቃጠሎ» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። በጠቆረ ግድግዳ መሃል ነጣ ያለ ቦታ ሲታይ «እዚህ እሳቱ አልደረሰም» እንላለን። ተቃራኒው ነው። እዚያ ላይ ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሳ ጥላሸቱ ራሱ ተቃጥሎ አልቋል።

ቆርቆሮም ይናገራል። አብረቅራቂ ያደረገው ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ከዚያ በላይ የጋለ ቆርቆሮ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ቶሎ ይዝጋል። ጣሪያው ላይ የዛገውና ያልዛገው የሚለያይበት መስመር ሙቀቱ የበረታበትን ያሳያል። በክረምት ቆርቆሮውን ፎቶ ለማንሳት ሳምንት ከቆያችሁ ግን መስመሩ ይደበዝዛል።

«ፍላሽኦቨር» የሚሉት አለ። አማርኛ ባይኖረውም ነገሩ ቀላል ነው። ትኩስ ጭስ ኮርኒሱ ሥር ይጠራቀማል። ሙቀቱ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ወደ ታች የሚረጨው ግለት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ሶፋውን፣ ምንጣፉን፣ ጠረጴዛውን፣ ሳይነካው በአንድ ጊዜ ያቀጣጥለዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቦታ ስለነደደ መነሻውን ማግኘት በጣም ይከብዳል። «የክፍሉ ቃጠሎ ሙሉ ነበር» ከተባለ ቀጥሎ «አልተረጋገጠም» ቢከተል አይግረማችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ለረጅም ጊዜ መርማሪዎችም ይሳሳቱ ነበር። መስታወት እንደ ሸረሪት ድር ከተሰነጣጠቀ ቤንዚን ተደፍቷል ይባል ነበር። ወለል ላይ የፈሰሰ የሚመስል ጠባሳ ካለም እንደዚያው። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ የኦክላንድ ሰፈሮች ሲቃጠሉ፣ ማንም ቤንዚን ባላፈሰሰባቸው ቤቶች ውስጥ ይኸው የተሰነጣጠቀ መስታወት ተገኘ። በኋላ በሙከራ ሲታይ መስታወቱን እንደዚያ የሚያደርገው የጋለውን በድንገት የሚያቀዘቅዘው የማጥፊያው ውሃ ሆኖ ተገኘ። የወለሉን ጠባሳም የቀለጠ ፕላስቲክ ወይም ፍላሽኦቨር ይሠራዋል። «አቀጣጣይ ፈሳሽ» ለማለት የላቦራቶሪ ውጤት ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን፣ ላምባ በሚቀመጥበት ማድ ቤት ላምባ ተገኘ ማለት ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ቤቱ ቆሟል፤ ለምን አትግቡ ይላሉ?

የቆመ ሁሉ ደህና ስላልሆነ ነው።

መሐንዲስ መጀመሪያ የሚለየው ተሸካሚውን ከማይሸከመው ነው። በፎቅ ቤት ኮለኑ፣ ቢሙና ሶሌታው ይሸከማሉ። የብሎኬት ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ክፍል መለያ ነው። ጠቁሮ ያስፈራችሁ ግድግዳ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ምንም ያልመሰላችሁ ቢም ደግሞ አቅሙ ተሰልቦ ሊሆን ይችላል።

ኮንክሪት ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል። ሲበርድም አይመለስለትም። እንደ ጠጠሩና አሸዋው ዓይነት ወደ ሮዝ ቀለም የሚያደላበት ጊዜ አለ፤ ለዚህ ነው መሐንዲሱ ልስኑን አስፍቆ ቀለሙን የሚያየው። ፌሮው ግን ሌላ ጠባይ አለው። በ600 ዲግሪ አካባቢ ግማሽ ያህል አቅሙን ያጣና፣ ብዙ ሳይጎብጥ ከበረደ አብዛኛውን መልሶ ያገኛል።

«ቅርፊት መጣል» ወይም በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ስፖሊንግ» ማለት የኮንክሪቱ ላይኛ ሽፋን እየፈነዳ መውደቁ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ አለ። በድንገት ሲግል እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣል፣ ከዚያ ፊቱን ይዞት ይወጣል። ፌሮው ራቁቱን ከታየ፣ ልስን ለጥፎ መሸፈን ጥገና አይደለም፤ መደበቅ ነው። ወረቀቱ ላይ «በመዶሻ ተፈትሿል» ካለ፣ እያንኳኳ ድምፁን ሰምቷል ማለት ነው። ደህናው ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ የተላቀቀው ባዶ በርሜል ይመስላል። ካልተማመነ ሲሊንደር የሚመስል ናሙና ቦርቡሮ አውጥቶ ላቦራቶሪ ይልካል።

የእትዬ ጓዳ ግን ጭቃ ነው። የጭቃ ቤት ነገር ለብቻው ነው። ጭቃው ራሱ አይነድም፣ እንዲያውም ባሕር ዛፉን ይሸፍነዋል። እሳቱ በስንጥቅ ገብቶ እንጨቱን ከያዘው ግን ግድግዳው ውስጥ እንደተዳፈነ ፍም፣ ያለ ነበልባል፣ ሲጨስ ያድራል። ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይነሳል። ሠራተኞቹ እሳቱ «ጠፍቶ ሳለ» ግድግዳ የሚቦረቡሩትና ኮርኒስ የሚያፈርሱት ለዚህ ነው። እትዬ «ከእሳቱ የተረፈውን እነሱ አፈረሱብኝ» ብለው ያዘኑበት ጉድጓድ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ማገሩ ከሰል ነበር፤ ጣቴ ሲነካው ፈረፈረ። ከውጭ ሲታይ ልስኑ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም።

ጭስ ብቻ የነካው ዕቃ ይተርፋል?

እንደ ጭሱ ነው። ወረቀትና እንጨት ሲነድ የሚወጣው ደረቅ ጥላሸት ይራገፋል። ፕላስቲክና ስፖንጅ የሚያወጣው ቅባታም ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ስታሹት ይብሳል፣ ቀለም ውስጥ ይገባል። የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ (ፒቪሲ) ሲነድ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። እሳቱ ያልደረሰበት ቴሌቪዥን ከወር በኋላ የሚሞተው በዚህ ነው። ወረቀቱ ይህን «ዝገት አምጪ ጭስ» ይለዋል። ሳይጸዳና ሳይታይ ምንም ነገር ሶኬት ላይ አትሰኩ።

የመድኑ ገጽ ላይ ያሉትስ?

እትዬ መድን የገቡት ወደው አይደለም። ከባንክ ሲበደሩ ባንኩ አስገድዷቸው ነው። ውሉን ያኔ ፈርመው አስቀመጡት።

«የእርጅና ተቀናሽ» ማለት ዕቃው ባገለገለበት ልክ ከዋጋው ይቀነሳል ማለት ነው። የአሥር ዓመት ፍሪጅ በአዲስ ፍሪጅ ዋጋ አይካስም፣ ውሉ ለይቶ እንደዚያ ካላለ። «ቅሪት» ተቃጥሎም ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ቆርቆሮው፣ ፌሮው፣ ሞተሩ። ዋጋው ከካሳው ይቀነሳል ወይም ድርጅቱ ይወስደዋል። ከማንኛውም ካሳ መጀመሪያ ላይ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው መጠንም አለ፤ ውሉ ላይ ተጽፏል።

ሰው የሚጎዳው ግን «ከዋጋ በታች መድን» በሚለው ነው። ቤታችሁን ዛሬ ለመሥራት 10 ሚሊዮን ብር ይፈጃል እንበል። መድን የገባችሁለት በ4 ሚሊዮን ነው። የ2 ሚሊዮን ጉዳት ደረሰ። «ከ4 በታች ነውና ሙሉውን ይከፍሉኛል» ትላላችሁ። የለም። የዋጋውን 40 በመቶ ብቻ ስላስመዘገባችሁ የጉዳቱን 40 በመቶ፣ 800 ሺህ ብር ታገኛላችሁ። በሌላው 60 በመቶ ራሳችሁ የራሳችሁ መድን ነበራችሁ።

በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ቀልድ አይደለም። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። ፌሮውም፣ ቆርቆሮውም፣ ፍሪጁም አብረው ተነሱ። ከዚያ በፊት የተጻፈ የመድን መጠን ካልታደሰ ዛሬ ምን ያህል ቤት እንደሚሠራ መገመት አያዳግትም።

የእትዬን ውል አየነው። መጠኑ የተጻፈው በ2013 ነው። ዝም ብለው ወረቀቱን ተመለከቱት። ከዚያ እስክርቢቶዬን ተቀበሉና የምጣዱን፣ የፍሪጁን፣ የድስቶቹን የዛሬ ዋጋ ከጀርባው ላይ መዘርዘር ጀመሩ። ሲጨርሱ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ። «መንስኤው አልተረጋገጠም» ከሚለው ጎን በራሳቸው ጽሑፍ «አልጠረጠሩኝም» ብለው ጻፉ፣ አጠፉት፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።